ዶርዜ፦ ግማሽ ቀን ይበቃል ወይስ ይታደራል? ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ፣ ምን እንይ?

ናፍቆት

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከእናቴ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ልንወርድ ነው። አራት ቀን አለን። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጋቢና ነጠላ ስትመርጥ የኖረች ሴት ናት። ጥለቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ የማን እጅ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ያን ሁሉ ሸማ የሚሠሩት ሰዎች አገር ግን ሄዳ አታውቅም። ስለዚህ ዶርዜን ላሳያት ቆርጫለሁ።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት ደውዬ ጠየቅኩ። «ጠዋት ትወጣላችሁ፣ ቤቱን ታያላችሁ፣ ቆጮ ትቀምሳላችሁ፣ ለምሳ አርባ ምንጭ ትመለሳላችሁ» አሉኝ። ከዚያ በላይ ምንም የሚታይ የለም ወይ ብል «የለም» አሉኝ። ልቤ አልተቀበለውም።

የምታውቁ ንገሩኝ። ማደር ይሻላል? እናቴ ቆጮ የምታውቀው ክትፎ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ እንዴት ነው የሚበላው? አረቄ አትቀምስም፤ ሌላ የሚጠጣ አለ? ጋቢ ብትገዛ ከየት ትግዛ? በእግር ብዙ መሄድ አትችልም። አመሰግናለሁ።

ሾፌሩ

እህቴ፣ እንግዳ ይዤ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ግማሽ ቀን ነው የሚቆየው። ጠዋት መውጣት ጥሩ ነው፤ ከሰዓት ጉም ሲወርድ መንገዱ አይታይም። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዶርዜ ከጨንቻ በፊት ነው። ዳገቱ ከባድ ስለሆነ ፍሬኑ የተፈተሸ መኪና ያዙ። ሹራብ አትርሱ። ከታች ላብ ጠምቆሽ ትነሺና ከላይ ትንቀጠቀጫለሽ።

የሸማኔው ልጅ

ሰላም ናፍቆት። ያልተቀበለው ልብሽ ልክ ነው። ግማሽ ቀን አይበቃም። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ለእናትሽ የምመኘው ጉዞ አለ።

እኔ የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ዶርዜ ተወልዶ በልጅነቱ አጎቱን ተከትሎ አዲስ አበባ መጣ። እንደ ብዙዎቹ የጋሞ ልጆች ሸማኔ ሆነ። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የሽመና ዕቃው። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የመወርወሪያው ድምፅ ነበር፤ ጧ... ጧ... ከዚያ የመርገጫው ጥዝዝታ። በየዓመቱ ለመስቀል አገር እንገባለን። የአያቴ ቤት ዛሬም ቆሟል። ስለዚህ የምነግርሽ እንደ አስጎብኚ አይደለም።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጪ። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። የጨንቻው ማክሰኞና ቅዳሜ። ከተቻለሽ ሰኞ ውጡና እደሩ፣ ማክሰኞ ጠዋት ጨንቻ ገበያ ገብታችሁ ውረዱ። ሐሙስ ቢሆንም ያው ነው፤ ማግስቱን ዓርብ ያለ ገበያ ቀስ ብላችሁ ታሳልፉታላችሁ። ገበያ በሌለበት ቀን የወጣ ሰው ዶርዜን አየሁ ቢል ቤቱን ነው ያየው፣ ሰዉን አይደለም።

መንገዱ ላይ አትቸኩሉ። አርባ ምንጭ ሙቀት ነው፤ ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበት ቆላ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንሰትና ቀርከሃ መሃል ትገቢያለሽ። ጨንቻ ስትደርሺ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነሽ። መሃል ላይ መኪና አስቁሚና እናትሽን አውርጂያቸው። ሁለቱ ሐይቆች ከእግራችሁ ሥር ይተኛሉ። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ጭቃ የበዛበት። ጫሞ ሰማያዊ ነው። መሃላቸው ያለችው የመሬት ጉብታ «የእግዜር ድልድይ» ትባላለች። አባቴ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ወርዶ ኮፍያውን ያወልቃል። ለምን እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

መንገድ ዳር ሕፃናት ይጨፍራሉ፣ ይገለበጣሉ፣ መኪናው ፊት ይሮጣሉ። እባክሽን ብር አትወርውሪላቸው። የሚጨፍሩት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። መኪና በቆመላቸው ቁጥር ነገ ጠጋ ብለው ነው የሚጠብቁት። ትምህርት ቤት መሄድ ባለባቸው ሰዓት ነው ደግሞ። ቸር መሆን ከፈለግሽ ከእናቶቻቸው ፖም ግዢ። ፖሙን ሚሲዮናውያን ነበሩ ወደ ጨንቻ ያመጡት፤ ዛሬ የገበሬው ገቢ ሆኗል። ትንንሽ ነው፣ ጠንካራ፣ ጎምዘዝ ያለ። ለእናትሽ ጥርስ ካስቸገረ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ቁረጪላቸው።

አሁን ቤቱ። ፊት ለፊቱ ቆመሽ እዪው፣ የዝሆን ጭንቅላት ነው። ወጣ ያለው መግቢያ ኩምቢው፣ ከላይ ያሉት ሁለት የጭስ ቀዳዳዎች ዓይኖቹ። ሰዉ «በድሮ ጊዜ በአካባቢው ዝሆን ነበረ፣ መታሰቢያው ነው» ይልሻል። ሥራው ግን ከወሬው ይበልጣል። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፤ ልክ እንደ ትልቅ ቅርጫት ከታች ወደ ላይ ይጠለፋል። ከዚያ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይለብሳል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚደርስ አለ።

ሁሉም ሰው የሚያልፈው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል። የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። የአያቴን ቤት በር አባቴ ልጅ ሳለ ቀና ብሎ ነበር የሚገባው። እኔ አጎንብሼ ነው የምገባው። ስለዚህ መንደር ውስጥ ስትሄዱ ረጅሙን ቤት ስታዪ የአዲስ ጎጆ ወጪ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ አጭሩ የአያቶች ነው። የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ ታነቢዋለሽ። ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆይ አለ። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ አይፈርስም፤ ጎረቤት ተጠርቶ እንጨት ከሥሩ ያስገባና ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። በልጅነቴ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ቤት ሲራመድ ማየት ነው። እግሮቹ ብቻ ይታያሉ።

ውስጡ ጨለማ ነው መጀመሪያ። ዓይንሽ እስኪለምድ ቁጭ በሉ። በአንድ በኩል ከብቶቹ ናቸው፣ በቀርከሃ ግርዶሽ ተለይተው። ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል። መሃል ላይ እሳት አለ። ጭሱ ቀርከሃውን ያጠቁረዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። እናትሽ ጭስ የማይስማማቸው ከሆነ መግቢያው ላይ ባለው መቀመጫ ላይ ይቀመጡ። የእንግዳ ቦታ ነው፣ ማንም ቅር አይለውም።

ስለ ቆጮ ደግሞ። ክትፎ ቤት ያለውን እርሺው። ያ ደርቆ፣ ርቆ የመጣ ነው። እዚህ ከጓሮ ነው የሚነሳው። አያቴ እንሰቱን በቀርከሃ ትፍቃለች፤ እግሯን ሳንቃው ላይ አድርጋ፣ እያጋደለች። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ይብላላል። ቃጫው ብቻውን ይቀራል፣ ገመድ ይሆናል። ከእንሰቱ የሚጣል የለም ማለት ይቻላል። ከጉድጓዱ ሲወጣ ጎምዛዛ ሽታ አለው። ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው እንዳይደነግጡ። ያ ሽታ ሲጋገር ይጠፋል። በቢላ ደጋግማ ትከትፈዋለች፣ ቃጫው እንዳይጎትት። ከዚያ ሁለት የእንሰት ቅጠል መሃል በመዳፏ ጠፍጠፍ አድርጋ ምጣዱ ላይ ታሳርፈዋለች። ቅጠሉ መለብለብ ሲጀምር እንፋሎቱ የሚያመጣው መዓዛ አለ፤ የረጠበ ሣርና ትኩስ ዳቦ አንድ ላይ። ትገለብጠዋለች። ቅጠሉን ስትልጠው የቅጠሉ መስመሮች ቂጣው ላይ ታትመው ይቀራሉ። ያኔ ነው የሚበላው፣ በዚያው ደቂቃ። ከቀዘቀዘ ሌላ ምግብ ነው።

ሁለት ነገር ይቀርብለታል፤ ዳጣና ማር። ዳጣው በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሌሎች ቅመሞች ድንጋይ ላይ ተፈጭተው ነው። ያቃጥላል፣ እግዜር ይማርሽ። እናትሽ ጨጓራ ካላቸው ማሩን ይያዙ። እኔ ራሴ የምወደው ሁለቱን አንድ ላይ ነው፤ አንድ ጫፍ ዳጣ፣ አንድ ጫፍ ማር። አያቴ ይህን ስታይ ትቆጣለች። «ወይ ያስለቅስህ፣ ወይ ይጣፍጥህ፣ አንዱን ምረጥ» ትለኛለች።

ስለሚጠጣው፦ አረቄ ይቀርብላችኋል፣ ቤት የወጣ፣ ኃይለኛ ነው። ሲጠጣ ሁሉም አንድ ላይ «ዮ፣ ዮ፣ ዮ!» ይላል። እናትሽ ባይጠጡም ብርጭቆውን ይዘው «ዮ» ቢሉ ይበቃል፣ ደስ ይላቸዋል። ቦርዴ ካገኛችሁ ግን ይቅመሱት። ከእህል የሚጠመቅ ነው። ወፍራም፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ከመጠጥ ይልቅ ምግብ ይመስላል። በቅል ይቀርባል። ገበያ ቀን ሴቶቹ እንስራ ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሸማኔዎቹም ሻጮቹም ከፊታቸው ተቀምጠው ይጠጣሉ። ዜናው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አስጎብኚ የሚወስድሽ ሰፈር አይደለም፣ አንቺ ግን ሂጂ። መጀመሪያ «ሳሮ» በዪ፤ ሰላም ማለት ነው። ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ።

ጋቢውን ለነገ ላቆየው፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው።

ናፍቆት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ እያነበብኩላት ነው። ቤቱ ያጥራል ያልከው ላይ «ድገሚው» አለችኝ። ስለ ማደሩ ፈራ አልኩ፤ ቅዝቃዜው እንዴት ነው? መፀዳጃስ? ጋቢውንም እየጠበቅን ነው።

ሲቀላ ነኝ

የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፣ እኔም የድርሻዬን ልበል። ዶርዜ ወጥታችሁ ስትመለሱ የእኛን ከተማ እንዳትዘሉ።

አሳ ብሉ። ከጫሞ የሚወጣ አሳ ነው። ጉላሹም ኮተሌቱም ጥሩ ነው። እኔ ግን የአሳ ዱለት እላችኋለሁ፤ በቃሪያና በሽንኩርት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር። አንድ ምክር፦ አሳው መቼ እንደወጣ ጠይቁ። የሚያፍር ሰው የለም፣ እኛም ሁልጊዜ እንጠይቃለን።

ሃለኮም አለ፤ እናንተ አዲስ አበባ ሽፈራው የምትሉት ዛፍ። ቅጠሉ ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ይበላል። ኩርኩፋ ከእህል ዱቄት የተድቦለቦለ ነው። ቀለል ያለ ምግብ ነው፣ ለእናትሽ ይስማማቸዋል።

ምንጮቹ ጋ ውረዱ። የከተማው ስም የመጣው ከእነሱ ነው። ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ከገደሉ ግርጌ ውሃው ከመሬት ይወጣል። የምንጠጣውም ከዚያ ነው። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ለጉልበት ይከብዳል፣ እናትሽ ከላይ ሆነው ይጠብቁ። ጫሞ ላይ ጀልባ ግን ይችላሉ፤ ጠዋት ጠዋት አዞዎቹ ዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። «የአዞ ገበያ» ነው የምንለው። ጉማሬም ታያላችሁ። ባለጀልባው ሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይሰጣችሁ አትሳፈሩ።

ስለ ነጭ ሣር ፓርክ ብዙ አልልም። ቀን ከተረፋችሁ ሂዱ፣ ካልተረፋችሁ አራት ቀናችሁን አታጣብቡት።

የሸማኔው ልጅ

ወደ ጋቢው ልምጣ። መጀመሪያ ግን ማደሩን።

ቀዝቃዛ ነው፤ ማታ ጉም በሩ ድረስ ይመጣል። እንግዳ የሚያሳድሩ የቀርከሃ ጎጆዎች አሉ፣ አልጋ ያላቸው። መፀዳጃው ከጎጆው ውጭ ሊሆን ስለሚችል ባትሪ ያዙ። ቦታ ስትይዙ «ለትልቅ ሰው የሚቀርበውን ስጡን» በይ፤ ይገባቸዋል። ሲተኙ ቡሉኮ ይደረብላቸዋል። ቡሉኮ ማለት የአገራችን ወፍራም የጥጥ ልብስ ነው፣ ከጋቢ የሚከብድ። ከእሱ ሥር የተኛ ሰው በጠዋት መነሳት አይወድም።

ማደሩን የምመክረው ለአንድ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ የቱሪስት መኪኖች ሲወርዱ መንደሩ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሴቶቹ በር ላይ ወጥተው ይፈትላሉ። እኛ ዘንድ ፈትሉ የሴት ነው፣ ሽመናው የወንድ። ባዘቶውን በግራ እጇ ትይዛለች፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሽከረክረዋለች፣ ክሩ ከጣቷ መሃል ይረዝማል። እያወራች፣ ልጅ እየተቆጣች፣ አላፊውን እየጠየቀች ነው። እጇን አታየውም። እናትሽ አጠገቧ ቢቀመጡ ቋንቋ ባይግባቡም የሚግባቡ ይመስለኛል።

ሸማኔውን ስታዩ ደግሞ እግሩን ፈልጉ። ጉድጓድ ውስጥ ነው። መርገጫዎቹ እዚያ ናቸው። እጁ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል፣ እግሩ ድሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ አትጠይቂው። ክር እየቆጠረ ነው። አባቴ ጥለት ላይ ሆኖ ስንጠራው አይሰማንም ነበር። እናቴ «አባታችሁ አበባ ውስጥ ገብቷል» ትለን ነበር።

እናትሽ ጋቢ ሲገዙ እንዲህ ያድርጉ። በእጅ የተፈተለና የፋብሪካ ክር ይለያያሉ። ጋቢውን ወደ ብርሃን ያንሱት። የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ይሳሳል። ያ ጉድለት አይደለም፣ የሴትዮዋ ጣት ነው። የፋብሪካው እንደ ወረቀት እኩል ነው። ሁለቱም ይሸጣል፣ ሁለቱም ሥራ ነው፤ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም። «ማጉ ፈትል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ማግ ማለት በድሩ መሃል በአግድም የሚገባው ክር ነው። ይህን ቃል የሰማ ሻጭ ከማን ጋር እንደሚያወራ ይገባዋል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ድርቡን ይቁጠሩ። ስፌቱን ከመሃል ይዩት።

ዱንጉዛም አለ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰለፈበት የጋሞ ጨርቅ ነው። ድሮ የትልልቅ ሰዎች ሱሪ ነበር። አሁን ኮፍያም ቦርሳም ይሆናል። ገበያ ላይ በመሥመሩ የተስተካከለውን ፈልጊ፤ ሁለቱ ቁራጮች ሲገጣጠሙ መሥመሩ ካልሳተ ባለሙያ ነው የሠራው።

ዋጋ ተከራከሩ፣ ነውር አይደለም። ግን እባካችሁ፣ አንድ ጋቢ ውስጥ ስንት ቀን እንዳለ አስቡ። ሴትዮዋ የፈተለችበት ሳምንታት አሉ፣ ሸማኔው የተቀመጠባቸው ቀናት አሉ። አባቴ መርካቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ሲያስረክብ የሚቀበለው ብር የድካሙን አንድ ጥግ አይሸፍንም ነበር። ጋቢው ሱቅ ሲሰቀል ዋጋው ሌላ ነው። ከሸማኔው እጅ ስትገዢ ብሩ እዚያው ይቀራል። ዶርዜ ሄዶ ከሸማኔ ገዝቶ መመለስ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል።

ሌላ አንድ ነገር። ከመንደሩ ወጣ ሲሉ ትልልቅ ጽዶች ያሉበት ትንሽ ደን ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ፣ ቅጠልም አትቁረጡ። የጋሞ ደጋ ላይ እንዲህ ያሉ የተጠበቁ ደኖች ብዙ ናቸው። ዱቡሻም ታያላችሁ፤ ሣር የለበሰ ሜዳ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚዳኙበት። ባዶ ቢሆንም መሃሉን አቋርጦ ፎቶ መነሳት አያምርም። አስታውሺ፣ በ2011 መስከረም አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ሲነሱ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ያ ሣር ከዚህ ሜዳ የመጣ ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከብሽ ማለፍ አይቻልም፤ ጎሜ ነው፣ ነውር፣ በአንቺም በልጆችሽም ላይ የሚመጣ።

ፏፏቴም አለ፣ በእግር ነው። እናትሽን አታድክሚያቸው።

ሾፌሩ

ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው፤ እኔ ይሄን ያህል ዓመት እየወጣሁ ቤቱ እንደሚያጥር አላውቅም ነበር። ቀጣይ እንግዳ ስይዝ አስቆማለሁ። አንድ ጥያቄ፦ ለመስቀል መውጣትስ?

የሸማኔው ልጅ

ለመስቀል ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ነው የምንዘጋጀው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሸማኔዎች ከነሐሴ ጀምሮ ሥራ ያበዛሉ። ለበሬ፣ ለቅቤ፣ ለልጆች ልብስ፣ ለወላጅ ስጦታ። መስከረም ሲገባ መናኸሪያው በእኛ ይሞላል። መስከረም 17 አንድ ቀን ነው፣ እኛ ዘንድ ግን በዓሉ ሳምንት አልፎ ይሄዳል። «ዮ ማስቃላ!» ነው ሰላምታው። የተጣላ ይታረቃል፤ ሳይታረቁ ችቦው አይበራም። በዚያ ዓመት ያገቡ ሙሽሮች ቅቤ ተቀብተው፣ ተውበው ገበያ ይወጣሉ፣ ሰዉ ሁሉ ያያቸዋል። ሰው ያለው እንግዳ ቢመጣ ደስ ይለናል። ሰው የሌለው ግን መኝታም ትራንስፖርትም ይቸግረዋል፤ ከወር በፊት ይያዝ።

ናፍቆት

ተመልሰናል። መጻፍ ያለብኝ ለእናንተ ነው።

ሰኞ ወጥተን አደርን። ሁሉንም አልተርክም። ሐይቆቹ ጋ አቆምን፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቆጮውን በማር በላች፤ ሁለተኛ ጠየቀች። ዳጣውን እኔ ነኝ የሞከርኩት፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ቦርዴውን ገበያ ላይ ካንዲት ሴት ገዛን። «ሳሮ» ስንላት ሳቀችና ሁለተኛ ቅል ያለ ክፍያ ቀዳችልን።

ማታ ላይ ነው ያልጠበቅኩት የሆነው። አንዲት አዛውንት በር ላይ እየፈተሉ ነበር። እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። ትንሽ ቆይተው እንዝርቱን ሰጧት። እናቴ ልጅ ሳለች ከአያቷ ጋር ትፈትል እንደነበር አላውቅም ነበር። ነግራኝ አታውቅም። ክሩ መጀመሪያ ተበጠሰባት። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ጫፉን ቀጠሉላት። ሦስተኛው ላይ ያዘ። ጨለማ እስኪሆን ሁለቱም እዚያው ነበሩ፣ አንድ ቃል አማርኛ የማይሰሙ ሴትና አንድ ቃል ጋሞኛ የማትሰማ ሴት።

ጋቢውን ከልጃቸው ገዛን። ወደ ብርሃን አነሳንው። ወፈር ያለው ቦታ ላይ እናቴ ጣቷን አስቀምጣ «ይሄ የእሳቸው ነው» አለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። እንዴት እናጥበው? እንዳይበላሽብን ፈራን።

የሸማኔው ልጅ

እናትሽን ሳሚልኝ። ላባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «የማን ቤት ናቸው ሴትዮዋ?» አለኝ፤ በሩ ወደየት እንደሚያይ ብትነግሪኝ እሱ ያውቃቸዋል።

ስለ ማጠቡ፦ መጀመሪያ ጊዜ ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ። በረኪና ፈጽሞ አይንካው። በእጅ ለስለስ አድርገው ይጭመቁት እንጂ አይጠምዝዙት፤ ጠምዝዘው ከጨመቁት ድሩና ማጉ ይንሸዋረራል። ገመድ ላይ አጥፈው ሳይሆን ዘርግተው ያስጡት፣ ጥለቱን ከፀሐይ ወደ ውስጥ አድርገው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ይለሰልሳል።